የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ቅያሬ፦ በራስ እጅ ወይስ በጋራዥ?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚገኘው የደብረ ኤልያስ ወረዳ በቅኔ ትምህርቱ ስመ ጥር ከመሆኑም ሌላ በስንዴ፣ በበቆሎና በጤፍ አምራችነቱ ይታወቃል። ምርቱ ታጭዶና ተወቅቶ ለገበያ በሚወጣበት ወቅት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ነው። አንድ መኪና ብቻ ያለው፣ ያንንም በብድር የገዛ ባለንብረት በዚህ ወቅት መኪናው ለአንድ ሳምንት ቢቆምበት የዓመት ገቢው ይናጋል። ስንዴውን በጆንያ ሞልቶ የሚጠብቀው ገበሬም የጉዳቱ ተካፋይ ነው።

የሞተር ዘይት በየጊዜው መቀየር እንዳለበት የማያውቅ አሽከርካሪ የለም ማለት ይቻላል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ይህ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት በጥቀርሻ አይጠቁርም፤ መቀየሪያ ጊዜውም ይረዝማል፤ ሲጎድልም በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የለም። ካምቢዮው ችግሩን የሚናገረው ማርሽ ሲያንቋቋ ወይም አልገባም ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ደርሷል።

የጎጃም መኪና ይህን ዘይት ችላ ማለት የማይችልበት የራሱ ምክንያት አለው። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ጭነት በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ማቋረጥ ግድ ይለዋል። መንገዱ ከደጋው ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና ክብደቱን የሚይዘው በፍሬን ብቻ አይደለም፤ ከኋላ እግር የሚመጣው ግፊት በዲፈረንሻሉና በካምቢዮው በኩል አልፎ ሞተሩ ላይ ይቆማል። ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ እነዚያው ጥርሶች በተቃራኒው ገጻቸው ሙሉውን ጭነት ይሸከማሉ። ሙቀት በሚበረታበት በዚህ ሥፍራ ያረጀ ወይም የጎደለ ዘይት በጥርሶቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን ስስ ሽፋን መጠበቅ ይሳነዋል። ከሁሉ የከፋው፣ ያለቀ ካምቢዮ በቁልቁለቱ መካከል ማርሹን ሲተፋ ነው። መኪናው በዜሮ ማርሽ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ባለንብረቱ ሥራውን በራሱ ይሥራው ወይስ ለጋራዥ ይስጠው? ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእጅ ዋጋ አንጻር ነው። ነገር ግን ከወጪው ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ራሱ ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲታሰብ ይበልጥ ተወድዷል። ስለዚህ ውሳኔውን ሊመራ የሚገባው የእጅ ዋጋው ሳይሆን የሥራው ዓይነት ነው።

የዲፈረንሻል ዘይት መቀየር ጠንቃቃ ባለንብረት ወይም ልምድ ያለው ረዳት ሊሠራው የሚችል ነው። መኪናው ጥቂት ተጉዞ ዘይቱ ለብ ሲል፣ በደልዳላ ሥፍራ ላይ ቆሞ ጎማው ታኮ ይደረግለታል። ቀጥሎ በቅድሚያ መፈታት ያለበት ከላይ ያለው የመሙያ ቡሎን ነው። የታችኛውን ፈትቶ ዘይቱን ካፈሰሰ በኋላ የላይኛው የዛገበት ሰው፣ መኪናው ያለ ዘይት ሜዳ ላይ ይቀራል። አዲሱ ዘይት በእጅ ፓምፕ ይሞላል፤ ልኩም በመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ላይ ሲደርስ ነው። የጭነት መኪና ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ክሪክ አያስፈልግም። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት አስጊ ከመሆኑም በላይ፣ ያዘመመ መኪና የዘይቱን ልክ ያሳስታል።

ካምቢዮው ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። ቡሎን መፍታቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ የዘይቱ ምርጫ ላይ ነው። በገበያ ላይ የሚገኘው የማርሽ ዘይት በውፍረቱ 80 ደብሊው 90፣ 85 ደብሊው 140 ወዘተ. ተብሎ ሲለይ፣ በጥንካሬው ደግሞ ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 ይባላል። የኋላው ዲፈረንሻል ጥርሶቹ እየተፋተጉ ስለሚሽከረከሩ በአብዛኛው ጂ ኤል 5 ይፈልጋል። ይኸው ዘይት ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ግን፣ በውስጡ ያለው የድኝ ውሕድ ማርሾቹን የሚያስማሙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። ከዚህም አልፎ አንዳንድ አምራቾች፣ ከእነዚህም መካከል አይሱዙ ለአንዳንድ ካምቢዮዎቹ፣ ከማርሽ ዘይት ይልቅ የሞተር ዘይት እንዲጨመር ያዝዛሉ። «ዘጠና ዘይት ለሁሉም ይሆናል» የሚለው ልማድ ብዙ ካምቢዮ የሚያስወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በእጁ የሌለ ባለንብረት፣ የካምቢዮውን ዓይነት ከመለያ ሰሌዳው አንብቦ ትክክለኛውን ዘይት የሚነግረው ባለሙያ ሳያገኝ ቡሎን ባይፈታ ይመረጣል።

የወጣውን ዘይት ማየትም የሥራው ግማሽ ነው። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የተጣበቀ ግራጫ ልስልስ ዝቃጭ የተለመደ መፋቅ ውጤት ስለሆነ አያስደነግጥም። በጣት የሚዳሰስ የብረት ስባሪ፣ የነሐስ ቀለም ያለው ብናኝ ብዛት ወይም ወተት የመሰለ ዘይት ከታየ ግን አዲስ ዘይት ሞልቶ መሄድ ጉዳቱን መሸፈን ብቻ ነው። ስባሪው የጥርስ ወይም የኩሽኔታ መሰበርን፣ ወተት መምሰሉ ደግሞ ውኃ መግባቱን ያመለክታል። ክረምት በጭቃና በጎርፍ መንገድ የዋለ መኪና፣ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ከተደፈነ ውኃ መሳቡ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ጋራዥ ምርጫ መሆኑ ያበቃል። አውቶማቲክ ካምቢዮም ልኩ በተወሰነ ሙቀት ላይ የሚታይ በመሆኑ፣ በዋስትና ላይ ያለ መኪናም ደረሰኝ ስለሚጠየቅበት፣ ሁለቱም የባለሙያ ድርሻ ናቸው።

ጋራዥ የሚሄድ ባለንብረት ግን ቁልፉን ሰጥቶ ሻይ ቤት ቢቀመጥ አይበጀውም። ማሸጊያው ያልተነካ ዘይት ከታመነ መደብር ገዝቶ ይዞ ቢሄድ፣ አሮጌው ሲፈስ ቆሞ ቢያይና የቀየረበትን ኪሎ ሜትር በደብተሩ ቢመዘግብ፣ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት በእጅጉ ይጠባል።

በራሱ የሚሠራ ሰው የአሮጌው ዘይት ኃላፊነት በእርሱ ላይ ይወድቃል። አሮጌ ዘይትን ለምስጥ መከላከያ የአጥር እንጨት መቀባት በገጠር የተለመደ ሲሆን፣ የተረፈው በየቦዩ ይደፋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ይከለክላል፤ በደብረ ኤልያስ ደግሞ ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት መንገዱ ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ነው። በጀሪካን አጠራቅሞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ማስረከብ ይቻላል።

ለቅያሬው የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ የመከር ጭነት ከመጀመሩ በፊት ያለው ነው። ከቅያሬው በኋላ የመጀመሪያው ጭነት ደብረ ማርቆስ ሲደርስ አሽከርካሪው ወርዶ ከሥር ቢመለከት፣ የቡሎኖቹ ዙሪያ ደረቅ መሆኑን ያረጋግጣል። እርጥበት ካየም፣ ማጥበቅ ካላቆመው፣ የደጀንን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ጋራዥ የሚያገኘው እዚያው ነው።