በፒቱታሪ ዕጢ አካባቢ የሚነሡ ዕብጠቶችን በኤም አር አይ መለየት

ፒቱታሪ ዕጢ በራስ ቅል ወለል ላይ፣ ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ ትገኛለች። ከበላይዋ የዓይን ነርቮች መሻገሪያ፣ በግራና በቀኟ ካሮቲድ የተባሉት የደም ቧንቧዎች ያልፋሉ። ስፍራው ጠባብ በመሆኑ በዚያ የሚነሡ ልዩ ልዩ ዕብጠቶች ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፦ ራስ ምታት፣ የጎን እይታ መጥበብና የሆርሞን መዛባት። ሕክምናቸው ግን ይለያያል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ጀምሯል። ከጥቁር አንበሳ ሌላ በቦሌ ክፍለ ከተማ ገርጂ የሚገኘው፣ በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል የሚባለው ተቋምም የሥልጠናው ተሳታፊ ሆኗል። ቀዶ ሕክምናው በአገር ውስጥ በሚሰጥበት ሁኔታ፣ ዕብጠቱን አስቀድሞ በምስል መለየት የሕክምናውን መንገድ ይወስናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ጤነኛዋ ዕጢ ከዕብጠቱ ተለይታ ትታያለችን?» የሚል ነው። አዴኖማ ከዕጢዋ ከራሷ ስለሚነሣ፣ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከእርሷ አይለይም። ጉድጓዱን ያሰፋል፤ ወደ ላይ ሲያድግም በወገቡ ጠበብ ብሎ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ይይዛል። ካሮቲድን ቢከብም እምብዛም አያጠብበውም።

ሜኒንጂዮማ የሚነሣው ከአንጎል ሽፋን ነው። ዕጢዋ ከሥሩ ተለይታ ትታያለች፤ ጉድጓዱም አብዛኛውን ጊዜ አይሰፋም። ጋዶሊኒየም ሲሰጥ ዕብጠቱ ወጥ በሆነ መልኩ ይደምቃል፤ በሽፋኑ ላይ ጅራት መሰል ድምቀት ሊታይ ይችላል፤ ካሮቲድንም ሊያጠብብ ይችላል።

ክራኒዮፋሪንጂዮማ በልጆችም በጎልማሶችም ይከሠታል። በልጆች ላይ ዘወትር ፈሳሽ የቋጠረ ክፍልና የካልሲየም ክምችት ይኖረዋል። ካልሲየሙን ከኤም አር አይ ይልቅ ሲቲ ስካን አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱ ምርመራዎች ይደጋገፋሉ።

ሁለት ስሕተቶች ከባድ ዋጋ ያስከፍላሉ። አንደኛው በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚፈጠረውን አኑሪዝም እንደ ዕብጠት ቆጥሮ መክፈት ነው፤ ይህ ለሞት የሚዳርግ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ደም በፍጥነት ሲፈስበት የሚታየው ጥቁር ጥላ አንዱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ፕሮላክቲን አመንጪ አዴኖማን ሳይለዩ ለቀዶ ሕክምና መቸኮል ነው፤ የዚህ ቀዳሚ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ እንደ ካበርጎሊን ያለ መድኃኒት ነው። ስለሆነም ምስሉ ከፕሮላክቲን የደም ምርመራ ጋር አብሮ መነበብ አለበት። ትልቅ ዕብጠት ከመጠነኛ የፕሮላክቲን ጭማሪ ጋር ቢታይ፣ ጭማሪው የዕጢዋ ዘንግ በመጫኑ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ምርመራው ለስፍራው ተስማምቶ ሲታዘዝ ነው። በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት የሚነሣ የተለመደ የአንጎል ምስል የዕጢዋን ድንበር ሊያደበዝዝ ይችላል። 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆኑ፣ ከፊትና ከጎን አቅጣጫ ከጋዶሊኒየም በፊትና በኋላ የተነሡ ምስሎች ያስፈልጋሉ። በማዘዣው ላይ «ፒቱታሪ» ተብሎ መጻፉና የእይታና የሆርሞን ምርመራ ውጤት መስፈሩ ምስሉን ለሚያነበው ሐኪም ትልቅ እገዛ ነው።