ሊቶሪናን ለይቶ ማወቅና መጠበቅ

በአል ባርሻ የምንሳፈርበት ሜትሮ የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ የለውም፤ ሞተሩ ከሠረገላው ሥር ነው። አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በራሱ ሞተር የሚሄደውን የባቡር ሠረገላ ወላጆቻችን ሊቶሪና ወይም አውቶራይ ይሉታል።

«ሊቶሪና» የሚለው ስም ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1932 ከመሠረተቻት ከሊቶርያ ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። የፊያት ሊቶሪናዎች ወደ አዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የገቡትም በወረራው ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት እየጠገነ ያኖራቸው የድሬዳዋ ሠራተኛ ስለሆነ ቅርሱ የእርሱ ነው።

አንድን አሮጌ ሠረገላ ለመለየት፦

አንደኛ፣ የግራና የቀኙ ጎማ ርቀት ይለካ። የጅቡቲው አሮጌ ሐዲድ ስፋት 1000፣ የአሥመራው 950 ሚሊሜትር ነው።

ሁለተኛ፣ በሻሲው ላይ የተመታው የፋብሪካ ቁጥር ይመዝገብ። ቀለምና ሞተር ይለወጣሉ።

ሦስተኛ፣ ከመዝገቡ በፊት አይቀባ፤ የተፈታ ዕቃ ሁሉ ምልክት ይደረግበት፤ ከፀሐይና ከዝናብ ይከለል።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ ሊቶሪና አይሄድበትም። በመሆኑም አሮጌው ሐዲድ ከተነቀለ የሚቀረን የቆመ ብረት ብቻ ነው።

በኤርትራ ከ1994 ጀምሮ መስመሩ ሲታደስ ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ተጠርተው አሮጌዎቹን ባቡሮች አስነሥተዋል። የእኛዎቹም አዛውንቶች ዕውቀት በየቤቱ ተቀምጧል። ስለዚህ ከመካከላችን የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆነ ሁሉ ወላጁ የሚያውቀውን ጠይቆ ዛሬውኑ ይጻፍ።