ራም ሲሞላ፦ ስዋፕ ምን ይሠራል?

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘሩ፣ ዎርዱና ቴሌግራሙ አንድ ላይ ተከፍተዋል። ድንገት ማውሱ አልንቀሳቀስ ይላል፤ የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙ ሰው ወዲያው ቫይረስ ይጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፈጣኑ ሜሞሪ፣ ማለትም ራሙ፣ ሞልቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መረጃ ወደ ዲስክ እያወጣና እየመለሰ ነው። ለዚህ ሥራ የተመደበው የዲስክ ቦታ ስዋፕ ይባላል።

ዘዴው ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በእንግሊዝ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲው ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ የሠሩት አትላስ ኮምፒውተር በ1962 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ፈጣን ሜሞሪው በጣም ትንሽ ነበር። ስለዚህ መረጃ የሚይዝ የሚሽከረከር የማግኔት ከበሮ ጨመሩበት፤ ማሽኑም መረጃውን ገጽ በሚባሉ እኩል ቁራጮች ከፍሎ በሁለቱ መካከል በራሱ ያመላልስ ጀመር። ቀድሞ ይህ የፕሮግራመሩ ራስ ምታት ነበር።

ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች አንድ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። ራም ሲጠብ ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለረጅም ጊዜ ያልተነኩትን ገጾች ይፈልጋል። ገጹ የፕሮግራም ኮድ ከሆነ ዋናው ዲስክ ላይ ስላለ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ብሮውዘር ላይ እየሞሉት ያለው፣ ገና ያልተላከ ቅጽ ግን ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም፤ እሱ ነው ወደ ስዋፕ የሚሄደው።

ችግሩ ፍጥነት ላይ ነው። ራም በ100 ናኖሰከንድ ገደማ የሚሰጠውን መረጃ ኤስኤስዲ ለማምጣት 1,000 እጥፍ ያህል፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ደግሞ 100,000 እጥፍ ያህል ይዘገያል። አንድ ገጽ ሲወጣ ሌላው ወዲያው የሚፈለግ ከሆነ ማሽኑ ከሥራው ይልቅ በማመላለስ ይጠመዳል። ፒተር ዴኒንግ በ1968 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን የተነተነው ይህ በሽታ ትራሺንግ ይባላል።

«እንግዲያውስ ስዋፕን አጥፋው» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። እኔ አልስማማም። ስዋፕ ከሌለ ሰዓታት ሙሉ ያልተነካ መረጃ ራም ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ሊኑክስም የሚጥለው ሲያጣ የሚሠራበትን ኮድ ራሱን እየጣለ መልሶ ያነባል። ያም ካልበቃ አንዱን ፕሮግራም ይገድለዋል፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ይጠፋል።

በሊኑክስ ስዋፕ ፋይል መፍጠር የጥቂት ትእዛዞች ሥራ ነው፤ ፋይሉን በዲዲ መሥራት፣ በኤምኬስዋፕ ማዘጋጀት፣ በስዋፕኦን ማብራት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ፋይሉን ከሩት (ከሲስተሙ አስተዳዳሪ) በቀር ማንም እንዳያነበው ፈቃዱ 600 ይሁን። ራም ላይ የነበረ የይለፍ ቃል እዚያ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ፔጅፋይል የተባለው ስውር ፋይል ነው፤ መጠኑን ሲስተሙ ራሱ እንዲወስን መተው ይሻላል።

ስዋፕ ውስጥ 1 ጊጋባይት መግባቱ ብቻውን አያስደነግጥ፤ ሥራ ፈትቶ የተኛ መረጃ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ምልልሱ ነው። ሊኑክስ ላይ ቪኤምስታት የሚለውን ትእዛዝ በየሰከንዱ ያሂዱና «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» የሚሉትን ዓምዶች ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው ከስዋፕ ወደ ራም የሚገባውን፣ ሁለተኛው ከራም ወደ ስዋፕ የሚወጣውን ይቆጥራል። ሁለቱም ዜሮ አካባቢ ከሆኑ ይተዉት። ቁጥሩ ሳያቋርጥ ከፍ ካለ ግን የስዋፑን ፋይል ማሳደግ መዘግየቱን አያስቀረውም፤ ክፍት የሆኑትን ፕሮግራሞች ይቀንሱ፣ አቅም ካለም ራም ይጨምሩ።