የሚሸጠው ሰው የሌለው ቡድን

የአሜሪካን ፉትቦል በቴሌቪዥን አይታችሁ «በእጅ ይዘውት እየሮጡ ምኑ እግር ኳስ ነው!» ብላችሁ ጣቢያ ቀይራችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። ሕጉን ላስረዳችሁም አልሞክርም። ስለ ጨዋታው ምንም ሳታውቁ ልትወዱት የምትችሉት አንድ ቡድን ግን አለ፤ ግሪን ቤይ ፓከርስ ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ፓከርስ በሚጫወትበት ሊግ ካሉት 32 ቡድኖች 31ዱ የባለጸጎች ንብረት ናቸው። ባለቤቱን ከተማው ካልተመቸው ቡድኑን ጠቅልሎ መሄድ ይችላል። በ1984 ባልቲሞር ኮልትስ በአንድ ሌሊት ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተሻግረዋል፤ ሲነጋ ደጋፊው ቡድን አልነበረውም። ግሪን ቤይ ደግሞ በዊስኮንሲን ግዛት ያለች፣ ሕዝቧ ከ100 ሺህ ጥቂት ከፍ የሚል ትንሽ ከተማ ናት። ለገንዘብ ቢሆን ኖሮ ፓከርስ ገና ድሮ ወደ አንዱ ትልቅ ከተማ ተወስዶ ነበር።

ያልተወሰደበት ምክንያት ከአጀማመሩ ይነሳል። በ1919 ከርሊ ላምቦ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት፣ ከጋዜጠኛው ጆርጅ ካልሁን ጋር ሆኖ ቡድን አቋቋመ። ላምቦ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ስጋ አሽጎ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነበርና ለማሊያና ለዕቃ መግዣ 500 ዶላር ከአሠሪዎቹ አገኘ። ቡድኑ በድርጅቱ ስም እንዲጠራ ተስማሙ፤ ፓከርስ ማለት አሻጊዎቹ ማለት ነው። ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ተሸጠ፤ ስሙ ግን ከቡድኑ ጋር ቀረ። ሜዳው አጥር አልነበረውምና መግቢያ ማስከፈል አይቻልም፤ በጨዋታ መሃል ኮፍያ እየዞረ ሳንቲም ይለቀም ነበር።

እንዲህ ያለ ቡድን ሩቅ አይሄድም። በ1923 ዕዳው ሲበዛ የከተማው ነጋዴዎች አንዱን አክሲዮን በ5 ዶላር ሒሳብ ለሕዝብ ሸጡ። ቡድኑ ትርፍ የማያከፋፍል የሕዝብ ማኅበር የሆነው ያኔ ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ አንድ ተመልካች ከመቀመጫው ወድቆ ቡድኑን ከሰሰ፤ የመድን ድርጅቱ ከስሮ ስለነበር ካሳው ቡድኑ ራሱ ላይ ወደቀ፤ በ1935 እንደገና አክሲዮን ተሸጠ። በ1950 ለሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ በኋላ በ1997፣ በ2011 እና በ2021 ተሸጧል፤ የመጨረሻው ዋጋ 300 ዶላር ነበር። ዛሬ ባለአክሲዮኖቹ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። እኛ ዘንድ የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የትርፍ ድርሻውን በጉጉት ይጠብቃል። የፓከርስ አክሲዮን ግን ትርፍ አይከፍልም። ዋጋው አይጨምርም። አትርፋችሁ አትሸጡትም፤ ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ታስተላልፉታላችሁ። ነጻ የስታዲየም ትኬት እንኳ የለውም። የሚሰጣችሁ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት፣ አንድ ድምፅ፣ እና በዓመት አንዴ ስታዲየሙ ውስጥ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የመገኘት መብት ነው። ሰው ይህንን ለመግዛት ይሻማል!

ከሁሉ የረቀቀው ቡድኑ ቢሸጥስ የሚለው ነው። የድሮው ደንብ ገንዘቡ ለከተማዋ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ለመታሰቢያ ሐውልት ማሠሪያ እንዲውል ያዝዝ ነበር፤ አሁን የሚሄደው ለበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ነው። ከሽያጩ አንዲት ሳንቲም ኪሱ የምትገባ ሰው ስለሌለ፣ ልሽጠው ብሎ የሚነሳም የለም። ሊጉ ኋላ እንዲህ ያለ የሕዝብ ባለቤትነትን ከልክሏል፤ ፓከርስ ከክልከላው በፊት ስለነበረ ብቻውን ተርፏል።

በአክሲዮን ብቻ ግን አልዳነም። በ1961 ሊጉ የቴሌቪዥን ገቢውን ለሁሉም ቡድን እኩል ለማከፋፈል ወሰነ፤ የኒው ዮርክ ቡድኖች የሚያገኙትን ያህል ግሪን ቤይም ያገኛል ማለት ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባዶ ፍቅር ይሆን ነበር። የዋነኛው ባላንጣ የቺካጎ ቤርስ ባለቤት ጆርጅ ሃላስም ውለታ ውሏል፤ በ1956 ግሪን ቤይ ድረስ መጥቶ ሕዝቡ ለአዲስ ስታዲየም ድምፅ እንዲሰጥ ቀስቅሷል። ጠላት ሲኖር እንዲህ ያለ ነው። ያ ስታዲየም ዛሬ ላምቦ ፊልድ ይባላል፤ ከ81 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ የዓመት ትኬት ለመግዛት ወረፋ የያዙት ስሞች ከ100 ሺህ ያልፋሉ። ልጅ ሲወለድ ወዲያው የሚያስመዘግቡ ወላጆች አሉ።

ዋንጫ አላቸው ወይ? 13 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ የሚበልጣቸው የለም። አምስቱን ያመጣው አሰልጣኝ ቪንስ ሎምባርዲ ነው፤ የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ፣ የሱፐር ቦውል፣ ዋንጫ ራሱ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ከእነዚያ ድሎች አንዱን ስሙኝ፤ ታኅሣሥ 31 ቀን 1967፣ ከዳላስ ካውቦይስ ጋር። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከሣሩ ሥር የተዘረጋው ማሞቂያ ተበላሽቶ ሜዳው በረዶ ሆነ። የዳኞቹ የብረት ፊሽካ ከከንፈራቸው ጋር እየተጣበቀ አስቸገረ፤ ስለዚህ በጩኸት ዳኙ። 16 ሴኮንድ ሲቀር ፓከርስ እየተመሩ ነበር፤ ጨዋታውን የሚያስቆሙበት ዕድልም ጨርሰዋል። ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ባርት ስታር ኳሱን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ይዞ የግብ መስመሩን ጥሶ ገባ፤ 21 ለ 17።

እናም አክሲዮን ያማራችሁ ካላችሁ፣ ሽያጩ የሚከፈተው ከስንት ዓመት አንዴ ነው፤ በ2021 አሜሪካና ካናዳ ለሚኖሩ ተፈቅዶ ነበር። እዚያ ያላችሁ ወገኖች፣ ቀጣዩ ሲከፈት 300 ዶላር ለማይመለስ ነገር ማውጣት ካላስከፋችሁ፣ ሐምሌ ላይ ጉባኤው ውስጥ እጃችሁን ታወጣላችሁ።