የካሜራው ቁጥር ወይስ የሴንሰሩ ስፋት?

«ስንት ሜጋፒክሰል ነው?» ካሜራ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ከዓመታት በፊት የትምህርት ክፍላችን ተመራቂ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ካሜራ ሲገዙ የጠየቁትም ይህንኑ ነበር። ባለ 16 ሜጋፒክሰል የኪስ ካሜራ መረጡ፤ በዚያው ዋጋ የቀረበላቸውን ባለ 12 ሜጋፒክሰል ያገለገለ ትልቅ ካሜራ ግን «ቁጥሩ ያንሳል» ብለው ተዉት። በስንብቱ ምሽት በአዳራሹ ውስጥ ያነሷቸው ፎቶግራፎች ፊት ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ በነጠብጣብ የተሞሉ ሆኑ። ያ ምሽት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ለመሆኑ ስሕተቱ ምን ላይ ነበር? መልሱን ለማግኘት ካሜራው ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል መመልከት ያሻል።

በዲጂታል ካሜራ ውስጥ የፊልምን ቦታ የያዘው ሴንሰር የተባለው የሲሊከን ገጽ ነው። ገጹ ፒክሰል በሚባሉ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ፎቶኖች በሲሊከኑ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ነጻ ያደርጋሉ፤ ካሜራውም በየፒክሰሉ የተጠራቀመውን የኤሌክትሮን መጠን ለክቶ ምስሉን ያዋቅራል። በዚህ መርሕ የሚሠራውን ሲሲዲ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፉት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ለፊዚክስ የኖቤል ሽልማት በቅተዋል። ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው ሲሞስ የተባለው ሴንሰርም ብርሃንን የሚቀበለው በዚሁ መንገድ ነው።

የሴንሰሮች ስፋት እጅግ ይለያያል። ሙሉ ፍሬም የሚባለው መጠኑን ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የወረሰ ሲሆን 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ወደ 367፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ 225፣ «1 ኢንች» የሚባለው 116፣ በኪስ ካሜራዎች የተለመደው «1/2.3 ኢንች» ደግሞ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። ስያሜዎቹ እንዳያሳስቱን እንጠንቀቅ፤ «1 ኢንች» የተባለው ሴንሰር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ 16 ሚሊ ሜትር ያህል እንጂ 25.4 አይደለም። ስያሜው የተወረሰው ከቀድሞ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች የውጭ ዲያሜትር ነው።

ዝናብ በሚጥልበት ደጅ ላይ ገበቴና ሲኒ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ፣ ዝናቡ በሁለቱም ላይ እኩል ቢወርድም ገበቴው የሚያጠራቅመው ውኃ ይበልጣል። የሴንሰርም ነገር እንዲሁ ነው። ከዚህም በላይ ፎቶኖች እንደ ዝናብ ጠብታ በዘፈቀደ ይወርዳሉ። ስለዚህ በአማካይ N ፎቶኖች በሚመዘገቡበት ፒክሰል ላይ መጠኑ የ N ካሬ ሥር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው በአብዛኛው ይህ መዋዠቅ ነው።

ሁለት ባለ 12 ሜጋፒክሰል ካሜራዎችን እንውሰድ፤ የአንዱ ሴንሰር 1/2.3 ኢንች፣ የሌላው ሙሉ ፍሬም ይሁን። የሌንሳቸው የቀዳዳ ምጣኔ፣ የእይታ ማዕዘናቸውና ብርሃን የሚቀበሉበት ጊዜ እኩል ነው እንበል። በትንሹ ካሜራ አንድ ፒክሰል 100 ኤሌክትሮን ቢያጠራቅም መዋዠቁ 10፣ ማለትም 10 በመቶ ይሆናል። የትልቁ ስፋት 31 እጥፍ ያህል ስለሆነ 3,100 ኤሌክትሮን ያጠራቅማል፤ መዋዠቁ 56 ገደማ፣ ማለትም 1.8 በመቶ ብቻ ነው። የፒክሰሉ ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ የምስሉ ጥራት በአምስት እጥፍ ተለያየ ማለት ነው። አይኤስኦ የሚባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግም ምስሉን ከነነጠብጣቡ ያጎላል እንጂ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን አይጨምርም።

ታዲያ ሁልጊዜ ትልቁ ይመረጣልን? አይደለም። በሐይቅ ዳር ቆሞ በሩቅ ያለ ወፍ የሚያነሣ የባዮሎጂ ተማሪን እናስብ። ባለ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ የሚያሳየው የእይታ ማዕዘን፣ ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ላይ ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው። ሁለቱም ካሜራዎች ባለ 24 ሜጋፒክሰል ቢሆኑና በአንድ ዓይነት ሌንስ ቢጠቀሙ፣ በወፏ ምስል ላይ የሚያርፉት ፒክሰሎች በኤፒኤስ-ሲው ካሜራ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናሉ። የሰውን ፊት ለይቶ ጀርባውን ለማደብዘዝ ሰፊ ሴንሰር ይመቻል፤ አንድን ነፍሳት ከአንቴናው እስከ ክንፉ ጥርት አድርጎ ለማሳየት ግን ትንሹ ይቀላል። ተራራ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ክብደትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በጠራራ ፀሐይ ብርሃን ስለሚትረፈረፍ ልዩነቱ በእጅጉ ይጠባል።

የእጅ ስልኮችስ? ሴንሰራቸው ትንሽ ቢሆንም በቅጽበት በርካታ ፎቶግራፎችን አንሥተው በስሌት ያዋሕዳሉ። ዘጠኝ ምስሎች ቢደመሩ አንጻራዊው መዋዠቅ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ይሁን እንጂ የሚጨፍር ሰው ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ቦታውን ስለሚቀይር ዘዴው እንደ ቆመ ሐውልት አይሠራለትም።

እንግዲህ ወደ መደብር የሚሄድ ተማሪ በመጀመሪያ ራሱን ይጠይቅ፦ የማነሣው ምንድን ነው? በምን ያህል ብርሃን? በምን ያህል ርቀት? ቀጥሎም ሻጩን የሴንሰሩን ርዝመትና ወርድ በሚሊ ሜትር ይጠይቅና ያባዛ፤ ለሌንስ የሚሆን ገንዘብም ያስቀር። የሜጋፒክሰል ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ለተለመደ የመጽሔት ገጽ 12 ሜጋፒክሰል ይበቃል። ተማሪዎቻችን ትተውት የመጡት ካሜራ ለዚያ ምሽት የሚያስፈልጋቸው ነበር፤ የጎደላቸው ገንዘብ ሳይሆን በክፍል ውስጥ የተማሩትን የካሬ ሥር ሕግ በገበያ ላይ ማስታወስ ነው።