ቀዩ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊው ሙቅ

«ያ ሙዓለም፣ ያ የቀየርከው ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል!» ኩዌት፣ ጃብሪያ ውስጥ በቧንቧ ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህን ስልክ ሳይሰማ የሚያልፈው ሳምንት የለም። ደዋዩ ጥፋተኛውን ቀድሞ ወስኗል፤ ወይ ሚክሰሩ ፎርጅድ ነው፣ ወይ ባለሙያው አጭበርባሪ ነው፣ ወይ የቤት ሠራተኛዋ ስትዘጋው ታንቀዋለች። እኔ እንደማየው ግን አንድ ቧንቧ በየጥቂት ወሩ ከተበላሸ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧው ላይ አይደለም። መሰላል ይዞ ጣሪያ መውጣት ያስፈልጋል።

ኩዌት ወንዝ የላትም። ድሮ የሚጠጣው ውሃ በጀልባ ከሻት አል ዐረብ እየተጫነ ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 ወዲህ ዋናው ምንጭ ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። አገሩ ሁሉ ፎቶ የሚነሣባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕዝብ የተከፈቱት የኩዌት ማማዎች እንኳ ክብ ሆዳቸው ውስጥ ውሃ አለ። ከማጣሪያው ሲወጣ ውሃውን የሚያማው የለም። ከቤቱ በር ወዲህ ያለው ጉዳይ ግን የባለቤቱ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ሪንግ ሮድ መካከል ባሉት የጃብሪያ ቪላዎች ብዙውን ጊዜ መስመሩ መጀመሪያ ምድር ያለ ታንከር ውስጥ ይገባል፣ ፓምፕ ወደ ጣሪያው ታንከር ይገፋዋል፣ ከዚያ ወደ መታጠቢያና ወጥ ቤት ይወርዳል። እኛን እንጀራ የሚያበላን የጣሪያው ነው። ፀሐይ ክዳኑን ታጣምመዋለች፤ ጦዝ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ አሸዋው በክፍተቱ ይገባል፣ ታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ተነሥቶ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ሙያውን ስንለምድ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ጎሚኒ ነበር የምንቀይረው፤ ከጠፋም ከከመነዳሪ ላይ በመቀስ ቆርጠን እንገጥማለን፤ ያገለግላል። ዛሬ ያለው ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ይህን አይቀበልም። ካርትሪጁ ውስጥ ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች ፊት ለፊት ተጣብቀው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ውሃውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። መካከላቸው የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትቧጭራቸዋለች፤ በጭረቱ ውሃ ይሾልካል። በኃይል ማጥበቅ እዚህ ምንም አይፈይድም፤ እጀታውን ያላላል እንጂ። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢወርድ በቀን 20 ሊትር ያህል ውሃ ይሄዳል፤ መንግሥት የውሃውን ዋጋ ስለሚደጉም ግን ቢሉ አያስደነግጥም።

ስለዚህ ካርትሪጁን ከመንካቴ በፊት ጫፉ ላይ ያለውን ወንፊት ፈትቼ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፈዋለሁ። የሚወጣው ነገር ብዙ ይናገራል። ቡናማ አሸዋ ከሆነ የታንከሩ ክዳን ነው። ነጭ ስብርባሪ ከሆነ ከቦይለሩ የተነቀለ ቅርፊት ነው። እንደ ጥላሸት እጅ የሚያጠቁር ፍርፋሪ ሲሆን ከላቫንዲኖው ሥር ያለው ፍሌክሲብል ውስጡ መበስበስ ጀምሯል፤ ይህ ሌሊት ፈንድቶ ቤት ሳያጥለቀልቅ ዛሬውኑ መቀየር አለበት። የቴፍሎን ቁራጭ ከወጣ ደግሞ ከእኔ በፊት የመጣው ሰው ቸኩሎ ነበር።

ከሶፍቱ የበለጠ የምታውቀው ግን ቧንቧውን ቀኑን ሙሉ የምትከፍተው ልጅ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ናት። ማዳም «ኸርባን»፣ ተበላሽቷል፣ ብላ ትሄዳለች። ልጅቷ የአገሬ ልጅ ከሆነች፣ ማዳም ዘወር ስትል፣ በአማርኛ ዝርዝሩን ታወጣዋለች። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ሰማያዊውን እኮ አንነካውም፤ ያቃጥላል። ቦይለሩን አጥፍተን ቀዩን ነው የምንከፍተው።»

ልክ ናት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሚትሪባ ላይ 53.9 ዲግሪ በተመዘገበበት አገር፣ ጣሪያ ላይ የዋለ ውሃ እጅ አያስነካም። የጠፋው ቦይለር ግን ኤሲ ባለበት ቤት ውስጥ ስለተሰቀለ ውሃው በርዶ ይቆያል። ብልሃቱ በባሕረ ሰላጤው ሁሉ የታወቀ ነው። መዘዙ ቦይለሩ ለዓመታት ያጠራቀመው ቅርፊት በቀዩ መስመር መውረዱ ነው። ባለቤቱ ከሹዌይክ ሱቆች ውድ ካርትሪጅ እየገዛ ያቀርባል፤ ቦይለሩን ፈትቶ ማጠብ ግን አይታሰበውም።

አንድ ቤት የሚክሰሩ ዋጋ ከደመወዟ ሊቆረጥባት የነበረች ልጅ ነበረች። «በጉልበት ስለምትዘጊው ነው» ተብላለች። እኔ ምስክርነት አልሰጠሁም፤ ሶፍቱን ከነአሸዋው ለአባወራው አሳየሁት፣ ከዚያ አብረን ጣሪያ ወጣን። የታንከሩ ክዳን ከነጭራሹ አልነበረም፤ የአሮጌ በር ቁራጭ ነበር የተጫነበት። በዚያ ቤት ሰው ሁሉ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ይተጣጠባል፣ ማታ ማታ ዲዋኒያው በእንግዳ ይሞላል። የእሷ እጅ ብቻ ተለይቶ እንዴት እንደተከሰሰ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት። የደመወዙም ነገር በዚያው ቀረ።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም። ሳራቺኔስካውን፣ የመስመሩን መዝጊያ፣ ዘግቶ የማስዋቢያዋን ክዳን በቀጭን ካቻቢቴ ማንሣት፣ በብሩጎላ ብሎኗን መፍታት፣ አሮጌውን ካርትሪጅ ይዞ ሱቅ መሄድ፤ 35 እና 40 ሚሊሜትር ተመሳስሎበት ተመላልሶ የሚውል ብዙ ነው። ቸኩለው የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ባዶውን ቀዳዳ በጨርቅ ጋርዶ ሳራቺኔስካውን ትንሽ ከፈት ማድረግና መስመሩ ውስጥ የቀረውን አሸዋ ማስወጣት ነው። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ዲስክ በመጀመሪያው ቀን ይቧጨራል።

ስጨርስ ልጅቷን ጠርቼ ሳራቺኔስካው የት እንዳለ አሳያታለሁ። ብዙዎቹ አያውቁም፤ ውሃ ሲፈነዳ ደግሞ ከማንም በፊት የሚጮኸው በእነሱ ላይ ነው። ሳራቺኔስካው ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ከሆነ ይደርቃል፤ እኔ እያለሁ ራሷ አንዴ ዘግታ ትከፍተዋለች።