የመረጃ ቋት ጋሻ ጃግሬ

እ.ኤ.አ. በ1999 ብራድ ፊትዝፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ላይቭጆርናል የሚባል ድረ ገጽ ከፈተ፤ ሰው የዕለት ውሎውን የሚጽፍበት፣ የወዳጆቹንም የሚያነብበት። ገጹ ሲወደድ ጣጣውም አብሮ መጣ። አንድ አንባቢ የወዳጆቹን ገጽ በከፈተ ቁጥር የመረጃ ቋቱ ወዳጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ ማን ምን እንደጻፈ፣ የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደተፈቀደ ከየሠንጠረዡ ለቅሞ መልስ ያሰናዳል። ሰውየው ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ያው ልፋት እንደ አዲስ ይጀመራል። በዚያ ዘመን የሃርድ ዲስክ ክንድ ተንቀሳቅሶ መረጃው ካለበት ቦታ እስኪደርስ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር፤ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ የሆነው ራም ደግሞ በ100 ናኖሰከንድ አካባቢ መልስ ይሰጣል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። በላይቭጆርናል ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ሥራ የፈታ ራም ነበር።

ፊትዝፓትሪክ በ2003 ያንን ትርፍ ራም ሰብስቦ የሚያሠራ ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሙን ሜምካሽድ አለው። መጀመሪያ የተጻፈው በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ ነበር፤ ቆየት ብሎ አናቶሊ ቮሮቤይ በሲ እንደገና ጻፈው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አፕሊኬሽኑ አንድ መረጃ ሲፈልግ ቀድሞ የሚጠይቀው ሜምካሽድን ነው። ካለ ወስዶ ይሄዳል፤ ጥያቄ መምጣቱን ቋቱ ጭራሽ አይሰማም። ከሌለ ከቋቱ ያመጣና ለሚቀጥለው ጠያቂ ቅጂውን ሜምካሽድ ላይ ያኖራል። ሜምካሽድ ራሱ ስለ ሠንጠረዥ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ቁልፍና ከቁልፉ ሥር የተቀመጠውን ብቻ ነው፤ ቁልፉ ከ250 ባይት፣ የተቀመጠውም ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ከ1 ሜጋባይት አይበልጥም። ቦታ ሲያጥረው ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን ይጥላል። መብራት ከጠፋ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። አሥር ማሽን ላይ ቢጫን አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም፤ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ አስልቶ የሚደርስበት አፕሊኬሽኑ ነው። ይህ ሁሉ ድክመት ይመስላል። እኔ ግን ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፦ አደራ የማይቀበል በመሆኑ ይፈጥናል። ባለ አደራው ቋቱ ነው።

ካሽ፣ ማለትም እንዲህ ያለ ጊዜያዊ የቅጂ ማከማቻ፣ የሚያዋጣው ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲያነሳ ነው፤ የዜና ድረ ገጽ የፊት ገጽ ለዚህ ተስማሚ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰዓት ድረ ገጹ ሲጨናነቅ ያየ ሰው እዚያም ካሽ ይበጃል ሊል ይችላል። ነገር ግን ተፈታኝ ሁሉ የሚጠይቀው የየራሱን ውጤት ነው፤ የመጀመሪያ ጥያቄው ምንጊዜም ካሹን ባዶ ያገኘዋል። እዚያ የሚሠራው ውጤቱን በሙሉ ቀድሞ ራም ላይ ጭኖ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። የባንክ ቀሪ ሒሳብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ቋቱ ራሱ መጠየቅ አለበት።

ፈተናው የሚመጣው መረጃው ሲለወጥ ነው። አንዲት ደንበኛ ስልክ ቁጥሯን ቀየረች እንበል፤ ቋቱ አዲሱን ይዟል፣ ካሹ ገና አሮጌውን ያወራል። አንዱ መላ ለየቅጂው ዕድሜ መወሰን ነው፤ 60 ሰከንድ ሲሞላው ይወገዳል። ሌላው ቋቱ ላይ በተጻፈ ቁጥር ቅጂውን ከካሹ መሰረዝ ነው። መሰረዝ እንጂ ማደስ አይመከርም፤ ሁለት ሰው እኩል ሲያድስ የዘገየው አሮጌ መረጃ የቅርቡን ሊደፍቀው ይችላል፣ ሁለት ጊዜ መሰረዝ ግን ጉዳት የለውም። ይህም ቀዳዳ አለው። አንዱ አሮጌውን ከቋቱ አንብቦ ካሹ ላይ ሳያኖር ሌላው ቋቱን ለውጦ ካሹን ይሰርዛል፤ ያ የዘገየ አንባቢ ከስረዛው በኋላ ደርሶ አሮጌውን ያስቀምጣል።

የፌስቡክ መሐንዲሶች በ2013 ባሳተሙት ጥናት መላውን ገልጸዋል። ካሹን ባዶ ሆኖ ያገኘው አንባቢ የ64 ቢት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ በመሃል ስረዛ ከመጣ ፈቃዱ ይሻራል፣ ይዞት የመጣውም አይቀመጥም። ፈቃዱ ለአንድ ቁልፍ በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ተፈላጊ ቁልፍ ሲሰረዝ ጠያቂው ሁሉ በአንድ ላይ ወደ ቋቱ አይጎርፍም። ለእንዲህ ያለ ጎርፍ በተለይ በተጋለጡ ቁልፎች ላይ፣ ቋቱ የሚገጥመው ከፍተኛ የጥያቄ ብዛት በሰከንድ ከ17,000 ወደ 1,300 ወርዷል።

ጎርፉ ምን እንደሚመስል ፌስቡክ ቀደም ሲል፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2010፣ አይቶታል። ካሹ ላይ የተሳሳተ ቅንብር ሲያገኝ ትክክለኛውን ከቋቱ አምጥቶ የሚተካ አውቶማቲክ ሥርዓት ነበራቸው። የዚያን ቀን ቋቱ ላይ ያለው ቅንብር ራሱ ሥርዓቱ ስህተት ብሎ በሚቆጥረው ተለወጠ። እያንዳንዱ ማሽን ሊያርም ወደ ቋቱ ሮጠ፤ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ወረደበት። ቋቱ መልስ ሲያቅተው ያ ዝምታ ራሱ እንደ ስህተት ተቆጥሮ የካሹ ቁልፍ ይሰረዛል፤ ስረዛው ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። የመጀመሪያው ስህተት ከታረመ በኋላም አዙሪቱ አልቆመም። የቆመው ወደ ቋቱ የሚሄደው ሁሉ ሲዘጋ፣ ማለትም ድረ ገጹ ራሱ ሲጠፋ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ።

ስሌቱ አጭር ነው፦ ካሹ ከመቶ ጥያቄ 95ቱን የሚመልስ ከሆነ፣ ካሹ በወደቀ ዕለት የቋቱ ሸክም 20 እጥፍ ይሆናል። ጋሻ ጃግሬው ሁሌ አጠገቡ የኖረ ጌታ ብቻውን ሲቀር እንዲህ ነው። ካሽ ከመግጠም በፊት ያለ ካሽ ምን ያህል መቆም እንደሚቻል መለካት ግዴታ ነው ባይ ነኝ፤ ብዙ ጊዜ የቋቱ መዘግየት ምክንያት አንድ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) የጎደለው ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

የሜምካሽድ የዋህነት ለክፋትም ውሏል። የይለፍ ቃል የማይጠይቁ ሜምካሽድ ሰርቨሮች ለኢንተርኔት ክፍት ተትተው ስለነበር፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 አጥቂዎች በእነሱ በኩል የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ በሆነው ጊትሀብ ላይ በሰከንድ 1.35 ቴራቢት የሚደርስ ትራፊክ አወረዱ። ለጥቃቱ መንገድ የሆነው ዩዲፒ የተባለ የመረጃ ማስተላለፊያ ደንብ በዚያው ሰሞን በሜምካሽድ ላይ ከመነሻው ተዘግቶ እንዲመጣ ተደረገ።

ለጀማሪ አንድ ነገር ልጨምር። ለቅጂ ዕድሜ ሲሰጥ ከ30 ቀን የማይበልጥ ሰከንድ እንደ ቆይታ ይቆጠራል፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ሜምካሽድ ከ1970 መባቻ ጀምሮ በሰከንድ የተቆጠረ ቀን አድርጎ ያነበዋል። 31 ቀን አስቀምጥልኝ ብሎ 2,678,400 የጻፈ ሰው፣ ቅጂው እስከ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1970 ብቻ እንዲቆይ ማዘዙ ነው። ሜምካሽድም ሳያጉረመርም ይቀበለዋል፤ በሚቀጥለው ጥያቄ ግን የለም ይላል።